ላይን ተሰጠሽ? ከጋርመንት ኦፕሬተርነት ወደ ሱፐርቫይዘርነት ለገባሽ የመጀመሪያ ወራት መመሪያ

አርብ ዕለት ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ጠርቶ "ከሰኞ ጀምሮ ሱፐርቫይዘር ነሽ" ካለሽ ላይን (አንድ ልብስ እየተቀባበሉ የሚሰፉበት የማሽን ረድፍ) ተሰጠሽ ማለት ነው፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቀጥሎ ደሞ አይዞሽ። እኔንም እንደዛ ነው ያደረጉኝ፣ ከኦቨርሎክ ማሽን ላይ አንስተው የሌላ ቀለም ጋውን አልብሰው 24 ሰው ፊት አቆሙኝ። ስልጠና የተባለው ግማሽ ቀን ነበር እሱም ስለ ፎርም አሞላል ነው፣ ሰው እንዴት ይመራል የሚል ነገር የነገረኝ የለም፣ ስለዚ እኔ ያደረኩት ከኔ በፊት የነበረችው ስታደርግ ያየሁትን ነው፣ እሱም መጮህ ነው።

የመረጡሽ እጅሽ ፈጣን ስለሆነ ነው አይደል? ችግሩ ከሰኞ ጀምሮ በእጅሽ አትሰሪም። አሁን ሥራሽ ሌሎቹ እጃቸው እንዳይቆም ማድረግ ነው፣ በቃ ይሄው ነው፣ ከዚ በታች የምጽፈው በሙሉ ወይ እጅ የሚያቆም ነገር ስለማንሳት ነው ወይ ልብ የሚያቆም ነገር ስለማንሳት ነው። (አንቺ እያልኩ የምጽፈው ሐዋሳም ሂጂ ቦሌ ለሚም ሂጂ የትኛውም ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይን ላይ የሚቀመጠው አብዛኛው ሴት ስለሆነ ነው፣ ወንዶችም ካላችሁ ራሳችሁ ቀይራችሁ አንብቡት ቅር እንዳይላችሁ።)

ደረጃ 1፦ ሰኞ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጀምሪ

ትናንት ከአንድ ሳህን የበላሻቸው፣ ምናልባትም አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ለአራት የምትኖሩ ልጆች ዛሬ ስርሽ ናቸው። እዚ ጋ ሰው ሁለት ዓይነት ስህተት ይሰራል። አንዷ በአንድ ቀን ሰላምታ ታቆማለች፣ ሻይ ብቻዋን ትጠጣለች፣ ልጆቹም "ጋውን ስትለብስ ረሳችን" ይላሉ። ሌላዋ ደሞ ይሉኝታ ይይዛትና ጓደኞቿ ሲያረፍዱ አላየሁም ትላለች፣ ሌሎቹ ግን አይተዋል፣ ቆጥረዋልም። ከሁለቱ ሁለተኛው ይብሳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን በሳምንት ታስተካክይዋለሽ፣ ታዳላለች ከተባለ በኋላ ግን የምትሰሪው ሁሉ በዛ ዓይን ነው የሚታየው።

ስለዚ በመጀመሪያው ቀን፣ ሥራ ሳይጀመር ወይ ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻቸው ጠርተሽ ንገሪያቸው። እኔ ያልኩት እንዲህ ነበር፦ "ስሙኝ፣ ቤት ያው እኔው ነኝ። ላይን ላይ ግን ለናንተ ብቻ ካዳላሁ ሌሎቹ ይጠሉኛል፣ እናንተንም ይጠሏችኋል፣ ስለዚ ሰዓት በማክበር እርዱኝ።" አንዷ ተኮሳትራ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም፣ ከዛ ተወችው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። የላይኑ ዕቁብ ዳኛ ከሆንሽ ዳኝነቱን ለሌላ አስረክቢ። ዕቁብ ያልጣለች ልጅ አለች እንበል፣ በዛው ቀን የጎን ስፌቷ ጠሞ መለስሽባት፣ እሷ የሚገባት በዕቁቡ ተናዳ ነው የመለሰችብኝ የሚል ነው፣ ማስረዳትም አትችዪም። ዕቁብሽን ጣይ፣ ዳኛ ግን አትሁኚ።

ስም ደሞ በሦስት ቀን ውስጥ በቃልሽ ያዢ። "አንቺ ማሽን 7" እየተባለች 8 ሰዓት የምትሰራ ሰው ምን እንደሚሰማት አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ተብለሽ የለ እንዴ። ከስሟ ጋር ከየት እንደመጣችና አማርኛ ምን ያህል እንደሚገባት ጠይቂ። ሐዋሳ አካባቢ ከሲዳማም ከወላይታም ከሌላም ቦታ የመጡ ልጆች አንድ ላይን ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ አንዷን ዝምተኛና ኩሩ ናት ብዬ ፈርጄባት ነበር፣ ለካ የምናገረው ግማሹ አይገባትም፣ ላለማፈር "እሺ" ትለኛለች። ከዛ በኋላ መመሪያ ስሰጥ አጠገቧ የምትቀመጠው የአገሯ ልጅ በቋንቋቸው ትደግምላታለች፣ እኔ ደሞ በአፌ ብቻ ሳይሆን ልብሱን ይዤ አሳያታለሁ። ስህተቷ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ ብል አልዋሸሁም።

ደረጃ 2፦ ክምሩን ፈልጊ

የዚ ሥራ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሌላውን ብትዘዪው እንኳ ይሄን አትዝለዪ።

ቲሸርት ላይን እንውሰድ። ትከሻ ይገጠማል፣ አንገት ይገባል፣ እጅጌ ይገጠማል፣ ጎን ይዘጋል፣ የእጅጌና የታች ጫፍ ይታጠፋል፣ ከዛ ክር ቆረጣና ኳሊቲ (የጥራት ፍተሻ)። ትከሻ ላይ ያሉት በሰዓት 150 ያወጣሉ እንበል፣ አንገት ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ደሞ ተደምረው 110። ታዲያ ላይኑ በሰዓት ስንት ያወጣል? 110 ነው፣ ሌላው ቢበር ቢከንፍ 110 ነው። ከአንገት በፊት በየሰዓቱ 40 ልብስ ይከመራል፣ ከአንገት በኋላ ያሉት ደሞ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። አሁን አንቺ መጥተሽ ላይኑን በሙሉ "ፍጠኑ ፍጠኑ" ብትዪ ምን ይመጣል? ትከሻዎቹ ይፈጥናሉ፣ ክምሩ ያድጋል፣ ታርጌቱ እዛው ነው፣ ጉሮሮሽ ተሰነጠቀ።

ስለዚ በየሰዓቱ ከላይኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ዝም ብለሽ ተራመጂ። ዓይንሽ ሰው ላይ አይሁን፣ ልብስ የተከመረበት ቦታ ላይ ይሁን። ክምሩን ስታገኚው "ለምን ትዘገያለሽ" ብለሽ አትጀምሪ፣ "ምን ያዘሽ?" በያት። ሁለቱ ጥያቄ ይመሳሰላል እንጂ መልሱ አይመሳሰልም፣ በመጀመሪያው "ይቅርታ" ትልሻለች፣ በሁለተኛው እውነቱን።

ይሄን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ሱፐርቫይዘር በሆንኩ በሁለተኛው ወር ላይ አንገት የምትገጥም ልጅ ነበረች፣ ጎበዝ ናት፣ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከፊቷ ክምር። ከላይ ማናጀሩ ጮሆብኛል፣ እኔም ወርጄ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሌሊት የት አድረሽ ነው ዛሬ የሚያንቀላፋሽ" አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። አልመለሰችልኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ኳሊቲዋ መጥታ የአንገት ጨርቁን ስትለካው ከከቲንግ (ከጨርቅ መቁረጫው ክፍል) ሲመጣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው፣ ልጅቷ እያንዳንዷን እየጎተተች እያመጣጠነች ነበር ስትሰፋ የዋለችው፣ እንደውም በሷ ጉብዝና ነው ያ ሁሉ ልብስ ሪጄክት ያልሆነው። ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ ቀና ብላ አላየችኝም፣ በሳምንቱ ሥራ ለቀቀች። ይቅርታውን ለብቻዋ ነበር ልጠይቃት ያሰብኩት፣ ስድቡን ግን በሰው ፊት ነው የሰጠኋት፣ ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም ነበር።

ከዛ ወዲህ የምከተለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦

መጀመሪያ ማሽኑን እዪ። ክር ይበጥሳል? ስፌት ይዘላል? ዘይት ያንጠባጥባል? መካኒክ ጠርታ ከሆነ ስንት ሰዓት ነው የጠራችው? ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ጠርታ "መጣሁ" ብሏት ቀርቷል፣ አንቺ ስትጠሪው ግን ይመጣል፣ እና ለዛ ነው የተቀመጥሽው።

ቀጥሎ የሚመጣላትን ሥራ እዪ። ከሷ በፊት ያለው ስፌት ጠማማ ከሆነ እሷ እሱን ስታቃና ነው ጊዜዋ የሚያልቀው። የጨርቁን አቆራረጥ፣ የባንድሉን (አብሮ ታስሮ የሚመጣውን ጨርቅ) አስተሳሰር፣ ቀለም መደባለቁን ሁሉ እዪ።

ከዛ አቀማመጧን እዪ። ልብሱን የምታነሳው ከግራ ነው ከቀኝ? ጎንበስ ብላ ከመሬት ነው የምታነሳው? ወንበሩ ዝቅ ብሎባት ትከሻዋ ተሰቅሏል? እዚ ላይ ምንም የማይተካው ነገር ወንበሯ ላይ ራስሽ 10 ደቂቃ ተቀምጠሽ መስፋት ነው። አንድ ጊዜ ፔዳሉ ስለሚንሸራተት እግሯን እያነሳች የምትመልስ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ካርቶን አጥፈን ከስሩ አደረግንበት፣ አለቀ። ሦስት ወር ሙሉ እንደዛ ስትሰራ ማንም አልጠየቃትም።

መጨረሻ ላይ፣ ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ያኔ ስለ ልጅቷ ጠይቂ። አሟት ይሆናል፣ ቤት የሆነ ነገር ይኖራል፣ ወይ ሥራው ገና አልገባትም። እውነት የሰነፈችም አለች፣ የለም አልልም፣ ግን በኔ ልምድ እዚ ደረጃ ድረስ የምትደርሺው ጥቂት ጊዜ ነው።

ደረጃ 3፦ ሰሌዳው ላይ እውነቱን ጻፊ

የሰዓት ሰሌዳ አለ አይደል፣ ታርጌት፣ የወጣ፣ ልዩነት፣ ምክንያት የሚል። ብዙ ሱፐርቫይዘር በ4 ሰዓት የጎደለውን 5 ሰዓት ላይ አካክሳለሁ ብላ ቁጥሩን ከፍ አርጋ ትጽፋለች፣ ማታ ሲቆጠር ይጋለጣል። ከዛ ይልቅ ምክንያት የሚለውን ሳጥን ሙዪው፣ "ክር አልቆ 12 ደቂቃ ቆመናል" ብለሽ።

ታርጌቱ ራሱ እንዴት እንደሚመጣ ደሞ እወቂው፣ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ብቻ አይምሰልሽ። ለአንድ ልብስ የተሰላ ስታንዳርድ ደቂቃ አለው፣ ለምሳሌ 6 ደቂቃ ይሁን። 20 ኦፕሬተር ካለሽ በሰዓት 20 ሲባዛ በ60፣ 1200 ደቂቃ አለሽ፣ ለ6 ሲካፈል 200 ልብስ። ይሄ መቶ ፐርሰንት ነው፣ ላይኑ 65 ፐርሰንት ላይ ከሆነ 130 ነው የሚጠበቅብሽ። ሂሳቡን ለልጆቹም አሳያቸው፣ እኔ ካርቶን ላይ በማርከር ጽፌ ነው ያሳየኋቸው፣ አንዷ "እንዴ፣ እኛ ዝም ብሎ ከጭንቅላቱ የሚያመጣው መስሎን" አለች። ሁለት ሰው ሲቀር ታርጌቱም መቀነስ እንዳለበት በዚ ሂሳብ ነው ከማናጀር ጋር የምትከራከሪው። ደሞ የ9 ደቂቃ መቆም ትንሽ እንዳይመስልሽ፣ ለ20 ሰው 180 ደቂቃ ነው፣ ሦስት የሥራ ሰዓት፣ በመቶ ፐርሰንቱ ሂሳብ 30 ልብስ።

አይ ኢዎቹ (የሥራውን ደቂቃ የሚያሰሉት ኢንጂነሮች) ሰዓት ይዘው ሊለኩ ሲመጡ ቀድመሽ ለልጆቹ ንገሪ። ካልተነገራቸው ወይ ይፈራሉ ወይ ሆን ብለው ይቀዘቅዛሉ፣ ሁለቱም የተሳሳተ ቁጥር ያመጣል፣ ኋላ የሚከፍልበት ደሞ ላይኑ ነው።

ደረጃ 4፦ ስታርሚ

አጭር ነው። ለብቻዋ፣ በዛው ሰዓት፣ ልብሱን በእጅሽ ይዘሽ። "አንቺ ሁሌ ታበላሺያለሽ" አይባልም፣ "እዪው እዚ ጋ ስፌቱ ወጥቷል፣ ከዚ መስመር አይለፍ፣ አንዴ ስፊልኝና ልየው" ይባላል። ሦስት ልብስ ሰፍታ እስክታሳይሽ አጠገቧ ቁሚ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሺና እዪ፣ ከተስተካከለ "አሁን አማረ" በያት፣ ይሄኛውን ጮክ ብለሽ ማለት ይቻላል። ስህተቱ ከተደጋገመ መዝግቢ፣ የቃል ማስጠንቀቂያ መሆኑን ንገሪያት፣ አድብተሽ ወረቀት አታምጪባት።

ስታለቅስ ምን ላርግ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ውሃ ጠጥታ እንድትመለስ 5 ደቂቃ ስጫት፣ ቦታዋ ላይ ሄልፐር (የላይኑ ረዳት) አስቀምጪ ወይ ራስሽ ተቀመጪ። "ምን ያስለቅስሻል" ብለሽ ሰው ፊት አትጠይቂ።

ደረጃ 5፦ የመርፌው ፈተና

ላይንሽ ላይ ሰው ይፍራሽ አይፍራሽ ለማወቅ የተሰበረ መርፌ ጠብቂ።

አሰራሩን ታውቂዋለሽ፣ መርፌ ሲሰበር ቁርጥራጩ በሙሉ ተፈልጎ ተገኝቶ ወረቀት ላይ በስኮች ተለጥፎ ተመዝግቦ ነው አዲስ መርፌ የሚሰጠው፣ አንዷ ቅንጣት ከጠፋች ዙሪያው ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት መፈተሻ ማሽን ያልፋል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ያቺ ቅንጣት የሕፃን ልብስ ውስጥ ሆና ውጭ አገር ከደረሰች ሰው ስለምትጎዳ ነው፣ የገዢው ትእዛዝም ሊሰረዝ ይችላል።

አሁን ልጅቷ መርፌ ሰበረች። ስትሰብር የምትጮሂባት ከሆንሽ፣ ወይ "ዛሬ ሁለተኛሽ ነው" ብለሽ የምትቆጥሪባት ከሆንሽ ምን ታደርጋለች? ቁራጩን ኪሷ ትከታለች፣ ከጓደኛዋ መርፌ ትበደራለች፣ ሥራው ይቀጥላል። አንቺ ምንም አላወቅሽም፣ ሰሌዳሽም ቆንጆ ነው። እጇን አንስታ "ተሰበረብኝ" የምትል ከሆነ ግን ያ ላይን ጤነኛ ነው። ስለዚ መርፌ ሰብራ ላመለከተች ልጅ የመጀመሪያ ቃልሽ "እጅሽን ወጋሽ?" ይሁን። ከዛ አብረሽ ተንበርክከሽ ፈልጊ። እኔ አንዴ ማናጀር ባለበት ተንበርክኬ ስፈልግ "ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም" አለኝ፣ ዝም ብዬ ፈለኩ፣ በ4 ደቂቃ ተገኘ።

ለመርፌ ያልኩት ለሁሉም ይሰራል፣ የተቀደደ ጨርቅ፣ የጠፋ ባንድል፣ የተሳሳተ ሌብል። መጥፎ ወሬ ቀድሞ ወዳንቺ የሚመጣ ከሆነ 20 ልብስ ላይ ታስቆሚዋለሽ፣ የሚደበቅሽ ከሆነ 2000 ልብስ ላይ ኳሊቲ ይነግርሻል።

ደረጃ 6፦ ሕጉን በቃልሽ ያዢ

ኤች አር አለ ብለሽ አትተዪው፣ ልጆቹ የሚጠይቁት አንቺን ነው፣ ያልሆነ ነገር ከነገርሻቸው ደሞ ውሸታም የምትባዪው አንቺ ነሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ለላይን የሚያስፈልጉሽ እነዚህ ናቸው።

መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። የሰዓት ክፍያዋ ለስሌት ያህል 20 ብር ቢሆን በቅደም ተከተል 30፣ 35፣ 40፣ 50 ብር ማለት ነው። የሰራችውን ትርፍ ሰዓት በራስሽ ደብተርም መዝግቢ፣ ደሞዝ ሲወጣ የጎደለባት ልጅ መጥታ ስትጠይቅሽ "እኔ ምን አውቃለሁ" ከማለት ደብተሩን ይዘሽ አብረሻት ኤች አር ሂጂ። በአንድ ላይን ላይ እምነት የሚገነባ ከዚህ የበለጠ ነገር አላየሁም፣ ከፉከራው ሁሉ ይበልጣል።

ነፍሰ ጡር የሆነችን ልጅ ትርፍ ሰዓትም ሆነ የሌሊት ሥራ አታስገቢያትም፣ ክልክል ነው። ለምርመራ ስትሄድ የሐኪም ወረቀት ካመጣች ፈቃዱ ከነክፍያው ነው፣ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን ከወለደች በኋላ ደሞ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ብዙዎቹ ይፈሩና እስኪገፋ ድረስ ይደብቃሉ፣ ስለዚ አንዷን በደንብ ከያዝሻት ሌሎቹ አይተው በጊዜ ይነግሩሻል። ባል ላይንሽ ላይ ካለ እሱም 3 ተከታታይ ቀን አለው።

ማርፈድ ላይ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደች፣ ወይ በዛው መንገድ በ6 ወር በድምሩ 5 ቀን የቀረች የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጣት ወዲያው ልትሰናበት ትችላለች። ይሄን ማስፈራሪያ አታድርጊው። ሁለተኛ ጊዜ ስታረፍድ ጠርተሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ፣ ሰርቪሱ የሚቆምበት ቦታ ተቀይሮባት ሊሆን ይችላል፣ ያን ደሞ አንድ ስልክ ይፈታዋል።

ደረጃ 7፦ ለቅሶ፣ ጾም፣ በዓል

የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ በሕግ አለ። ግን የኛ ሰው ለጎረቤትም ለአባቱ ጓደኛም ለቅሶ ይደርሳል፣ ይሄን ሕጉ አያውቀውም፣ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። ብትከለክያት ትቀራለች፣ ዋሽታም ትቀራለች። ግማሽ ቀን ስጫትና ከዓመት ፈቃዷ እንዲያዝ አነጋግሪላት። ከራሷ ቤት ሲሆን ደሞ ከላይኑ ሁለት ሦስት ሰው ይዘሽ እሑድ ሄደሽ አስተዛዝኚ፣ ይሄን አስተዳደር ነው ብዬ አይደለም፣ ሰውነት ነው፣ ግን ላይኑም ያየዋል።

በጾም እስከ 9 ሰዓት የማይበሉ አሉ፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚውሉ አሉ፣ ከሰዓት ላይ ዓይን ይደክማል። በዛ ወቅት ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራ፣ ለምሳሌ አዲስ ስታይል ማስጀመርን፣ ጠዋት አድርጊው። የምሳ ሰዓት መቀያየር የሚፈልጉ ካሉ ለማናጀር አቅርቢ፣ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ እስካሁን ያልተደረገው ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

በዓል ግን ራስ ምታት ነው። ለገናም ለፋሲካም ለአረፋም አገር ቤት የሄደች ልጅ በቀኗ አትመለስም፣ ሐዋሳ ከሆንሽ ፍቼ ጫምባላላና ጊፋታም አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወረቀት አዙሪ፣ ማን ይሄዳል፣ መቼ ይመለሳል። ሁሉም በአንዴ ከሆነ ራሳቸው ይነጋገሩበት፣ "ባለፈው አንቺ ሄደሻል" የሚባባሉት እነሱ ናቸው፣ አንቺ ከምትወስኚ ይልቅ እነሱ የተስማሙበት ይጸናል።

ለዚ ሁሉ ደሞ መድኃኒቱ ማን ምን ይችላል የሚለው ሠንጠረዥ ነው። ወደ ጎን ሥራዎቹን፣ ወደ ታች ስሞቹን ጻፊ፣ ብቻዋን የምትችለውን ሙሉ ክብ፣ በእርዳታ የምትችለውን ግማሽ ክብ። አንገት ስር አንድ ክብ ብቻ ካለ ያቺ ልጅ ያመማት ቀን ላይኑ ታመመ ማለት ነው። ሥራ ቀለል ባለ ቀን ሁለት ሰው አሰልጥኚ፣ ሄልፐሮቹን አትርሺ፣ ማሽን ላይ መቀመጥ ለነሱ እድገት ነው፣ ከማንም በላይ ቶሎ የሚማሩት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ወደ ላይ ስትናገሪ

ማናጀርሽ ኢትዮጵያዊም ይሁን ኤክስፓት፣ ሲጮህ ጩኸቱን ይዘሽ ወደ ታች አትውረጂ፣ እዛው አንቺ ጋ ይቅር። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ነበር የምመለሰው። የምትናገሪውን በቁጥርና በሰዓት ተናገሪ፦ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ክር ጠይቄያለሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ነው የመጣው፣ 40 ደቂቃ አንገት ቆሟል።" ቋንቋ የማትግባቡ ከሆነ ወረቀት ላይ ጻፊለት፣ ቁጥር ትርጉም አይፈልግም። ጥፋቱ ያንቺ ሲሆን ደሞ "ልጆቹ ናቸው" አትበይ። ታርጌት ሲመታ ግን "ጎን የሚዘጉት ልጆች ዛሬ አሳዩኝ" በይ፣ እነሱ እየሰሙ።

ደረጃ 9፦ እጅ የሚሰነዝር ሰው

ይሄን ለመጻፍ አመንትቻለሁ፣ ግን አለ። መካኒክም ይሁን ሌላ ሱፐርቫይዘር ወይ አለቃ፣ ማሽን ሲያስተካክል እጁን የሚያሳርፍ፣ "ማታ ካልመጣሽ" የሚል ሰው። አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፣ አለቃም ይሁን ሠራተኛ። ልጅ መጥታ ከነገረችሽ "አንቺ ምን ለብሰሽ ነበር" ወይ "ቻይው" የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየ ሰው ካለ ማን እንደሆነ አብረሻት ጻፊ። እሷ ከፈቀደች ሪፖርት አድርጊ፣ ብቻዋን አትላኪያት፣ አብረሻት ግቢ። እስከዛው ማሽኗ ሲበላሽ ሌላ መካኒክ ጥሪላት፣ የሚመጣው እሱው ከሆነ አጠገቧ ቆመሽ ጠብቂ፣ ላይኑን ለ10 ደቂቃ ሌላ ሰው ያየዋል።

ደረጃ 10፦ ላይን ስትቀይሪ

ስድስት ወርም ይቆይ ዓመት አንድ ቀን ወደ ሌላ ላይን ያዛውሩሻል። የምትተካሽ ልጅ ጋ ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። ደብተርሽንና ሠንጠረዡን ስጫት፣ ከዛ ወረቀት ላይ የማይጻፈውን ንገሪያት፣ ማሽን 14 ከምሳ በኋላ ዘይት ስለሚያንጠባጥብ ነጭ ጨርቅ እንዳትሰጠው፣ አንገት የምትገጥመው ልጅ ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ በቀኝ በኩል እንድታናግራት፣ የማሽን 9 ፔዳል ስር ያለው ካርቶን ቆሻሻ ስላልሆነ ጽዳቶቹ እንዳይጥሉት።